አባቴ የነደፈው ማራገቢያ

እናቴ የሞተችው መኪና ውስጥ ነው፤ ሂርናን አልፈን፣ ጭሮ ሳንደርስ። መሄድ የነበረባት በአውሮፕላን ነበር።

ልቧ ከደከመ ቆይቷል። ድሬዳዋ ያዩዋት ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ሲጽፉላት የመኪና መንገድ እንደማትችል ስለነገሩን የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥን። በዚያ ቀን አባቴ፣ እሷና እኔ ከማለዳ ጀምሮ አየር ማረፊያው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። አውሮፕላኑ በሰዓቱ መጣ። ሲያርፍ በመስታወቱ አየነው። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፣ ሻንጣውም ተራገፈ፤ እኛን ግን የሚጠራን ጠፋ። ሁለት ሠራተኞች የእጅ ባትሪ ይዘው መጡና ከግራው ሞተር ፊት ቆሙ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ሲያወጣው ጓንቱ ላይ ደም ነበር። ብዙም ሳይቆይ በረራው ለነገ መተላለፉ ተነገረን።

አባቴ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ወጥቶ ሠራተኛውን አፈላልጎ አናገረው። ሲመለስ አሞራ ገብቶበት ነው አለን፤ ሞተሩ ፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ ሁለት ምላጩ ታጥፏል። እናቴ ምላጭ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው። ብረት የሚነካ ነገር ሲጠየቅ ሳያብራራ አያልፍምና፣ ከሞተሩ አፍ ላይ እንደ ቤት ቬንትሌተር የሚሽከረከረውን ነገር በእጁ እያሳየ አስረዳት። ክንፍ አይባሉም፣ ክንፍ የአውሮፕላኑ ነው፣ እነዚህ ምላጭ ናቸው አላት። እሷም ገባኝ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሲያወሩ የሰማኋቸው የመጨረሻው ረጅም ወሬ ይኸው ነው።

ቀጠሮዋ በማግስቱ ጠዋት ነበር፤ ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። አባቴ እኩለ ቀን ላይ መኪና ተከራየ። ሐኪሙ ያሉትን ሳስታውሰው ቀስ ብለን እንሄዳለን አለኝ። ቁልቢን ስናልፍ ውሃ ጠጣች። ሂርና ላይ እጄን ያዘች። ከዚያ በኋላ ያለውን መተረክ አልፈልግም። ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ ወደ ድሬ ሲመልሰን አባቴ ከፊት ወንበር ሆኖ አንድም ጊዜ ዞሮ አላየንም።

አባቴ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን ፊት ቆሞ ነው ያረጀው፤ መጀመሪያ እንደ አባቱ በባቡሩ ጋራዥ፣ የጋራዡ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀፊራ ገበያ አጠገብ በያዛት ጠባብ ክፍል ውስጥ። እዚያ የሚመጣለት ሥራ አብዛኛው የእህል ወፍጮ ነው። የተበላ ዘንግ ይሞላል፣ ኩሽኔታ ይቀይራል፣ የተጣመመ ያቃናል። ከደንበኞቹ አንዱ የቅርብ ጓደኛው ሆነ። ቀፊራ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ወገቡ ላይ ሽርጥ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሶማሌ ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር እኔም አንተ እያልኩት ነው ያደግኩት። እናቴ ስትቀበር ከመቃብሩ አፋፍ ላይ አባቴን በክንዱ ደግፎ የቆመው እሱ ነበር።

ተዝካሯ ከወጣ በኋላ አባቴ መሳል ጀመረ። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ቤት ካስቀመጥኳቸው ደብተሮች መሀል ባዶውን እየወሰደ በእርሳስ ክብ ይሠራል፣ በክቡ ዙሪያ ምላጭ ይደረድራል፣ ያጠፋና እንደገና ይሠራል። ከምሳ በኋላ እሱና ባለወፍጮው ጫታቸውን ይዘው ወፍጮ ቤቱ ጓሮ በርጫ ይቀመጣሉ። እዚያም የሚያወሩት ስለዚሁ ነበር። አንድ ቀን ምሳ እቃውን ልወስድ ስገባ አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝና ሀሳቡን ነገረኝ።

ሀሳቡ የመጣለት ከወፍጮው ነው። የእህል ወፍጮ ከውስጥ ሲታይ አንድ ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ዙሪያ ጠፍጣፋ ብረቶች በፒን፣ እንደ ወፍራም ምስማር ባለ ብረት፣ ተንጠልጥለዋል። መዶሻ ይሏቸዋል። ወፍጮው ሲቆም መዶሻዎቹ ልፍስፍስ ብለው ይወርዳሉ። ሲሽከረከር ደግሞ የመሽከርከሩ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትታቸውና ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ። ከእህሉ ጋር ጠጠር ወይም የወለቀ ብሎን ቢገባ መዶሻው አይሰበርም። ወደ ኋላ እጥፍ ብሎ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘረጋል።

"የአውሮፕላኑ ግን ከሥሩ ግትር ነው" አለኝ አባቴ። "ግትር ስለሆነ ነው የሚታጠፈው። ወፉ ሲመጣ እጥፍ ብሎ ቢያሳልፈው ምን ይሆናል?"

ባለወፍጮው ጉንጩ እንደሞላ በጭንቅላቱ አረጋገጠለት። ወፍጮው በቆሎ ሳይሆን ድንጋይ ሲበላ እንደኖረ፣ እስካሁን ግን አንድ መዶሻ እንዳልታጠፈበት ዋላሂ እያለ ነገረኝ።

በዚያ ሰሞን በስልኬ አነበብኩ። ከገባኝ ትንሽ ነገር እንኳ የአውሮፕላን ምላጭ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ከወፍጮ ጋር እንደማይወዳደር፣ እያንዳንዱ ምላጭ ሥሩን የሚጎትትበት ኃይል ለማመን እንደሚከብድ፣ ይህንን ሲያስቡ ዕድሜያቸውን የሚፈጁ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አወቅሁ። ለአባቴ ስነግረው ፍጥነቱ ሲበዛማ ይበልጥ ይዘረጋል ብሎ መለሰልኝ። ልከራከረው አልቻልኩም። ደግሞም አልፈለግኩም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እራት በልቶ ሲጨርስ ያየሁት ስለ ምላጭ ባወራበት ቀን ብቻ ነበር።

የአውሮፕላን ሞተር ለሚሠራ ፋብሪካ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እሱ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት ብረት እንደቆረጠ፣ የወፍጮ መዶሻ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምላጩ በምን ዓይነት ፒን መንጠልጠል እንዳለበት ተራ በተራ አስጻፈኝ። መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቴ የሞተችው ሁለት ምላጭ በመታጠፉ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳስገባ ነገረኝ። ለመሐንዲሶች በሚጻፍ ደብዳቤ ይህ አይባልም አልኩት።

"ጻፊው" አለኝ።

ጻፍኩት። ሥዕሎቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ከደብዳቤው ጋር በኢሜይል ላክኩ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ሰላም እንኳ ሳይለኝ መልስ አለ ወይ ይለኛል። የለም እለዋለሁ። ሳምንታት አለፉ። ሰውነቱ እየቀነሰ መጣ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቶ አየሁ። ሌሊት እየተነሳ እናቴ ትተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ ከፍራሹ መሰርጎድ አውቅ ነበር።

መልሱ የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አራት መስመር ናት። ሁለቴ አነበብኳት፣ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የቀረኝን ክፍለ ጊዜ ገብቼ አስተማርኩ። ከዚያ ቤት ሳልሄድ በባጃጅ ወደ ቀፊራ ወረድኩ። መንገድ ላይ ምን እንደምለው አሰብኩ። እውነቱን ብነግረው ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። ጥሩ ነው ብለዋል ብዬ ብዋሸው ደግሞ ፋብሪካውን ሲጠብቅ ይኖራል። እንዳይሰበርም፣ እንዲተወውም የሚያደርግ አንድ ቃል ፈለግኩ፤ ባጃጁ ሳይቆም ያገኘሁ መሰለኝ።

አባቴ ሲያየኝ ማሽኑን አጠፋ።

"ጽፈውልሃል" አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገና እንዳነብለት ጠየቀኝ። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል፣ አንዲት ነገር ሳላጎድል አነበብኩለት። አባቴ ከባቡሩ የተረፈችው ጥቂት ፈረንሳይኛ እንጂ እንግሊዝኛ የለውም። ድምፄን ብቻ ነው የሰማው።

"ምን ይላል?"

"ሀሳቡ ጥሩ ነው ብለዋል። ግን ያልተሞከረ ነገር አንቀበልም ነው የሚሉት።"

እኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ የጄት ሞተር የሚሞክር ማን አለ? ሀሳቤ ጥሩ ነበር፣ መሞከሪያ አጣሁ ብሎ በክብር ይተወዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት። አባቴ ጨርቁን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ፣ "ልክ ናቸው። እኔም ብሆን ያልተሞከረ አልቀበልም" አለኝ። ከዚያ ማሽኑን ሳያበራ ክፍሉን ቆልፎ ወደ ባለወፍጮው ሄደ።

ሥራውን የጀመሩት በማግስቱ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ለዓመታት የተጣለ አሮጌ የወፍጮ ሞተር ነበር፤ ጠገኑት። አባቴ ከመኪና ባሌስትራ ብረት አሥር ምላጭ ቆረጠ፤ በመዶሻና በእሳት እያለፋ ጠመም አድርጎ ቀረጻቸው። እያንዳንዱን በፒን አንጠለጠለው። ፒኖቹን ራሱ በቶርኖ አወጣቸው። ዙሪያውን ለመከለያ የዘይት በርሜል ቆርጠው አቆሙ። እኔ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አያለሁ። ባለወፍጮው እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። ለደንበኛው ሁሉ ፈረንጆች ሞክራችሁ አምጡ ብለውናል እያለ ያወራል፤ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም። የእኔ ውሸት በሦስት ቋንቋ ቀፊራን ሲዞር ሰማሁት።

የመጀመሪያውን ሙከራ አይቻለሁ። ወፍ ከየት ይመጣል ብለው ሊጥ በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ልፍስፍስ ብለው የነበሩት ምላጮች አንድ በአንድ እየተዘረጉ ቀጥ አሉ። ነፋሱ ጓሮው ውስጥ የነበረውን ዱቄት ሁሉ አነሳው። ባለወፍጮው ጥቅሉን በሰፊ ቱቦ ለቀቀው። አንድ ጠንከር ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ሊጡ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሞተሩ ሲቆም አባቴ ጎንበስ ብሎ ምላጮቹን በጣቱ እየዳሰሰ ቆጠራቸው። አንዱም አልታጠፈም።

አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ባለወፍጮው በዱቄት እጁ አቀፈው፣ ሁለቱም ነጭ ሆኑ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። ሙከራው አምሯል፣ ማንም አልተጎዳም፤ ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም። እኔ ግን ሳቁን ላጥፋበት አልቻልኩም። አባቴ ፎቶ አንሺና ላኪላቸው አለኝ። አነሳሁ፤ ላክኩ አልኩት። አልላክኩም።

መልሱ ሲዘገይበት ራሱ ምክንያት አገኘለት። ፍጥነቱ አንሶባቸው ነው፣ ይህማ የወፍጮ ፍጥነት ነው፣ በሞተሩ በኩል ያለውን ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን መንኮራኩር፣ በትልቅ እቀይራለሁ አለ። እኔ ይበቃል አባዬ አልኩት። ለምን እንደሚበቃ ግን አልነገርኩትም።

ሁለተኛውን ሙከራ አላየሁም። ዓርብ ነበር፤ ባለወፍጮው ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ፣ ወፍጮ ቤቱ ለደንበኛ ተዘግቶ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። የሆነውን የነገረኝ በኋላ አባቴ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነገረኝ። ከመጀመራቸው በፊት ባለወፍጮው ፒኖቹን አይቶ ይህ ቀጭን አይደለም ወይ ብሎት ነበር። አባቴ ወፍራም ፒን ክብደት ይጨምራል አለው። ሞተሩን አስነሱ። ድምፁ ከመጀመሪያው የተለየ፣ የሚያፏጭ ነበር። ጥቅሉን ለመልቀቅ ባለወፍጮው ወደ ቱቦው ሲጠጋ፣ ገና ምንም ሳይገባበት አንዱ ፒን ተበጠሰ። ምላጩ የበርሜሉን ላሜራ እንደ ወረቀት ቀዶት ወጣ፤ የባለወፍጮውን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች መታው። አባቴ ሞተሩን ሊያጠፋ ሮጠ ወይስ ወደ ጓደኛው፣ እሱን አያስታውሰውም።

አባቴ የባለወፍጮውን እግር በራሱ ሽርጥ አስሮ ባጃጅ ውስጥ ጫነው። የበልግ ዝናብ ሰሞን ነበር፤ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጥቷል። ሰው ጎርፍ ሊያይ ድልድዩ ላይ ተኮልኩሎ መንገዱን ዘግቶታል። ባጃጁ መሀል ድልድይ ላይ ቆመ። አባቴ ወርዶ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ እየለመነ ሰዉን በእጁ እየገፋ መንገድ አስከፈተ። ደውለውልኝ ሐኪም ቤት ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ደም ነው። የሱ ደም መስሎኝ ነበር።

የባለወፍጮውን እግር ለማትረፍ ሐኪሞቹ ሦስት ቀን ሞከሩ። በአራተኛው ቀን ቆረጡት።

ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቀው ባለወፍጮው የገዛ ወፍጮዬ ነው የመታኝ ብሎ መለሰ። አባቴን በስም አላነሳም። ወንድሞቹ ግን እውነቱን ያውቁ ነበርና ሽማግሌ ተቀመጠ። ከታላቅ ወንድሙ ቤት፣ ምንጣፍ ላይ፣ ከሁለቱም በኩል ሰው ተሰበሰበ። ባለወፍጮው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከወገቡ በታች አንሶላ ተጥሎበታል፤ አንሶላው በአንድ በኩል ከጉልበቱ በታች ባዶ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር በሚቀጥለው ክፍል ነበርኩ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉን እሰማለሁ።

ታላቅ ወንድሙ አባቴን፣ ያንን ነገር እንድትሠራ ማን አዘዘህ አለው። አባቴ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ጀመረ። ግን ጨዋታ አልነበረም፣ ሁለት ሽማግሌ ወንዶች እንደ ሕፃን ስንጫወት አይደለም የተጎዳው አለ። ፋብሪካው ሞክረህ አምጣ ብሎኝ ነው፣ ደብዳቤው ልጄ ጋ አለ፣ ታንብብላችሁ አላቸው። ጠሩኝ።

ገብቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የባለወፍጮው የወንድም ልጅ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ አጠገቤ እንዲቆም ተደረገ። ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ዓይነት እፎይታ ተሰማኝ፤ አሁን ሳስበው የማፍርበት ይህንን ነው። በእንግሊዝኛ አነበብኩ፤ ከዚያ በአማርኛ ተረጎምኩ፤ በዚህኛው ጊዜ በትክክል።

"ለመልእክትዎ እናመሰግናለን። ከድርጅታችን ውጭ የሚመጣ ሀሳብ አንቀበልም፤ አንመረምርምም። የላኩት ሥዕል አልታየም፣ አልተቀመጠም። መልካሙን እንመኝልዎታለን።"

"ሌላውስ?" አለ አባቴ።

"ሌላ የለም አባዬ።"

"ያልተሞከረ አንቀበልም ያሉትስ?"

"እሱን ያልኩት እኔ ነኝ።"

የወንድሙ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ አየና ልክ ነው አለ። አማርኛ በደንብ ለማይሰሙት ሽማግሌዎች አንዱ በሶማሊኛ ተረጎመላቸው፤ አጠገቡ ላለው ደግሞ ሌላው በኦሮምኛ። ሁለቱንም እሰማለሁ። ያደረግኩት ነገር ምንጣፉን ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። አባቴ አላየኝም፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን ነበር የሚያየው።

መጀመሪያ የተናገረው ባለወፍጮው ነው።

"ሥዕሉን አላዩትም?" አለኝ።

"አላዩትም።"

"ስለ እናትሽ የጻፈውንስ?"

"እሱንም ያነበቡት አይመስለኝም።"

ባለወፍጮው ጭንቅላቱን ወደ ትራሱ መለሰ። "እኔኮ ይጠብቁናል ብዬ ነበር" አለ።

ታላቅ ወንድሙ ወደ እኔ ዞሮ ሊናገር ሲል አባቴ ቀደመው። "ፒኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀጭን ነው ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዉዋት" አለ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩ፤ የወሰኑትን ካሳ ሁሉ አባቴ ሳይከራከር ተቀበለ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም።

ቤት እንደገባን ሽሮ አቀረብኩለት። አልነካውም። ሳህኑን ላነሳ ስል፣ "ያኔውኑ አላዩትም ብትዪኝ ኖሮ አንድ ሳምንት አዝኜ እተወው ነበር" አለኝ።

ልትወድቅብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው ልለው ፈለግኩ። ግን እውነት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም። የፈራሁት የሱን መውደቅ ይሁን ወይስ እሱ ሲወድቅ አጠገቡ መሆንን ዛሬም አላውቅም። ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ፣ መብራት ኃይል የሆነ ነገር ሲልክ፣ አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተውና ወጥቶ ጎረቤት ያስነብባል። በአማርኛ የተጻፈውን ሳይቀር፤ ዓይኑ ደክሟልና።

ወፍጮ ቤቱን የባለወፍጮው ወንድሞች ያዙት። ባለወፍጮው በአንድ እግሩ ደረጃና አቧራ ውስጥ መዋል ስላልቻለ ከሚስቱ ጋር ከከተማው ውጭ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ ቢዮ አዋሌ ሄደ። ጥቂት ፍየሎች አሉት፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። አባቴ የቶርኖ ክፍሉን ለሌላ ሰው ለቀቀ። እሑድ እሑድ በሚኒባስ ቢዮ አዋሌ ይሄዳል። የጓሮውን አጥር አጠረ፣ የውሃ በርሜል ማስቀመጫ ሠራ፣ መሬት እየነካ የሚያስቸግረውን የቤቱን በር ከፍ አድርጎ እንደገና ገጠመ። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ምናልባት አያወሩም ይሆናል።

አንድ እሑድ አብሬህ ልሂድ አልኩት። እንደፈለግሽ አለኝ። ደርሰን አባቴ መሣሪያውን ይዞ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረ። ባለወፍጮው በምርኩዙ ተነስቶ ሰላም አለኝ፤ ከስቷል፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የለም። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ከዚያ ፍየሎቹ ወደ ጎረቤት ማሳ ስለገቡበት እነሱን ለመጥራት ራቅ አለ። እኔና ሚስቱ በሩ ላይ ቀረን።

ሚስቱ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀኛለች። ሱቋ በር ላይ ሳልፍ ሁሌ ከረሜላ ትሰጠኝ ነበር። አሁን ከቤት በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችልኝ፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ሶማሊኛ እንደምሰማ ታውቃለች፤ በዚያው ተናገረችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

"አባትሽ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ሲሠራ አየዋለሁ፣ ቁጣዬ ትንሽ ይበርዳል። አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ግን ጥያቄዋ ያ አልነበረም፤ ምን ልታደርጊ ነው ያለችኝ። የማደርገው ነገር አልነበረኝም። የምችለው ማንበብና መጻፍ ነው፤ እዚያ ቤት የሚነበብ ነገር የለም። እሷም ወደ ቤት ገባች። ከጓሮ የአባቴ መዶሻ ይሰማል። ፀሐዩ በርጩማው ላይ እስኪደርስ ድረስ ተቀመጥኩ።

አመሻሹ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ አባቴ የባለወፍጮው ሚስት ምን እንዳለችኝ ጠየቀኝ። ያለችውን ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ሰማኝ። በጣቱ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ዝገት አወጣና፣ "ከእንግዲህ ብቻዬን እመጣለሁ" አለኝ። መኪናው ሞላ። እሱ ከፊት ገባ፣ እኔ ከኋላ።